የሮማን ልጣጭና የአክስቴ ላም

አክስቴ ከቤቷ ጀርባ አራት የወተት ላሞች አሏት። ፊደል የቆጠረችው አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ቢሆንም፣ እጇ የገባ ወረቀት ሳይነበብ አይጣልም። ድርቆሽ በጠፋበት ዓመት የጭማቂ ፋብሪካው ከአጥሩ ውጭ የሚከምረውን የሮማን ልጣጭ አየችና «እግዚአብሔር የፈጠረው እንዲህ በከንቱ አይበሰብስም» ብላ በጆንያ ማመላለስ ጀመረች። ሰፈሩ ሳቀባት። ወተት ሊገዙ የሚመጡት ሳይቀሩ «እትዬ ልጣጭ» አሏት። እሷ እቴ! «አቤት!» እያለች ታስገባቸዋለች።

የተሳሳተችው በመውደዷ ነው። በእኛ ቤተሰብ የሚወደድ ቀድሞ ይበላል፤ ብዙም ይበላል። እርጥቡን ልጣጭ ቅርጫት ሙሉ ለምትሳሳላት ለዳለቻዋ ላም አቀረበችላት። ርቧት ስለነበር ጠርጋ በላችው። በማግስቱ ዳለቻ ጀርባዋን አጉብጣ ቆመች፤ ማመንዠክ ተወች፤ ወተቷም ነጠፈ።

ታናሽ ወንድሟ፣ ሥጋ ሻጩ አጎቴ፣ ወሬውን ሰምቶ ከች አለ።

«እትዬ፣ በእግሯ ቆማ ሳለች ልውሰዳት። ነገ ከሞተች ለውሻም አትሆን።»

«አንተ ላም ስታይ የሚታይህ ኪሎ ነው። ዞር በል ከደጄ!»

«በልጣጭ የገደልሻት አንቺ፣ ክፉው እኔ!»

«አልሞተችም። ስትሞት ልቅሶ ትደርሳለህ።»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ እየተነጫነጨ ሄደ።

አክስቴ ያስጠራችው የእንስሳት ሐኪም ከሰዓት በኋላ መጣ። የዳለቻን ሆድ ዳበሰና ዘይት በጠርሙስ አጠጣት። ቀጥሎ ከልጣጩ ቆንጥሮ ለአክስቴ ሰጣት።

«እስቲ ያኝኩት።»

አኘከችው፤ አፏ ጭምድድ አለ።

«ምላስዎን እንዲህ ያደረገው ታኒን ይባላል። ሲበዛ የላሟንም ሆድ ያስራል፤ የበላችው አልፈጭ ይላታል። በልኩ ከሆነ ግን መኖ ነው። አድርቀው፣ ከስክሰው፣ ከገለባ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ያስለምዷቸው። ጥፋቱ የልጣጩ አይደለም፤ የቅርጫትዎ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ልጣጩን ጥሎ እጁን ይታጠብ ነበር። አክስቴ ግን በማግስቱ ጠዋት ጸሎቷን እንደጨረሰች፣ ቦታ ጠቧት ጣራው ላይ ደፍታው የሰነበተውን፣ ፀሐይ ያደረቀውን ልጣጭ አውርዳ በሙቀጫ ወቀጠችው። አጎቴ የበረቱን በር ሲከፍት ለሦስቱ ጤነኛ ላሞች እፍኝ እፍኝ ከገለባ ጋር እያሸች ነበር።

«ኧረ በፈጠረሽ! ዛሬም?»

«ዛሬም፣ ነገም። ትናንት ልኩን አላውቅም ነበር፤ ዛሬ አውቃለሁ። ባላወቅሁት ነገር ተሸንፌ ባወቅሁት ልፍራ?»

«ሦስቱንም ልትጨርሻቸው ነው!»

«ያኔ ሦስቱንም ትነዳለህ። እስከዚያ ድምፅህን ቀንስ፤ የታመመች አለች።»

አጎቴ ወደ ታመመችው ዞረ። ጥግ ላይ የዳለቻ መንጋጋ ወዲያና ወዲህ፣ ቀስ ብሎ፣ ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብሎ አያት።

«ታመነዥካለች እንዴ?»

«ጠይቃት።»

አክስቴ የገለባውን ብናኝ ከእጇ አራገፈችና ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ምን እንዳለች የሚያውቅ አምላኳ ነው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ቁርስ ካልበላህ ግባ፤ ከሦስቱ የታለበ ወተት አለ። ሥጋ ግን ከዚህ ቤት አትጠብቅ።»