ጂኑን ማስራብ

የታላቅ እህቴ ሥራ እርሾ መቀለብ ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ፣ እኔም በጊዜው ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። በአንድ የምርምር ቤት ውስጥ ስኳሩንና ጨዉን በውሃ ትበጠብጣለች፣ ታፈላለች፣ ሲበርድ ለተመራማሪዎቹ በጠርሙስ ታከፋፍላለች። እዚያ «ሼፏ» ይሏታል። ቤት ግን እንቁላል እንኳ ስለምታሳርር ወጥ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

የምታዘጋጀው ሾርባ ሁለት ዓይነት ነው፤ የጥጋብና የረሃብ። ከረሃቡ ሾርባ ዋናው ምግብ ሆን ተብሎ ይቀነሳል። እርሾው እዚያ ውስጥ ሲገባ ያረጀ አካሉን እየቆረሰ መብላት ይጀምራል። መጀመሪያ ቀን አለቃዋ «ሲርበው ራሱን ይበላል» ሲላት፣ «ራሱን ይበላዋል» ያላት መስሏት «ቅማል አለበት እንዴ?» ብላ ጠይቃዋለች። እስከ ዛሬ ይቀልዱባታል።

ከሥራ ስትመለስ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሷ ታስረዳኛለች።

«ራሱን የሚበላበትን መሣሪያ የሚሠሩ ጂኖች አሉ። ሲጠግብ አንድ ሌላ ጂን ዘበኛ ሆኖ ዝም ያሰኛቸዋል። ሲርበው ዘበኛው ከቦታው ይነሳል፣ እነሱም ሥራ ይጀምራሉ።»

«ዘበኛውን ማን ያስነሳዋል?»

«ሌላ ጂን።»

«እሱንስ?»

«እሱንማ… ሌላ ይሆናላ!»

ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። እኔን ግራ የገባኝን ያህል እሷንም ግራ ገብቷት ነበር፤ ግን ሥራዋ ነውና አላመነችም።

በዚያ ሰሞን እናታችን ከሳንባ ምች ድና ተነስታ ነበር። የሰጠናትን ሁሉ ትበላለች፤ ነገር ግን ከቀን ወደ ቀን ትከሳለች። ሐኪሙ መርምሮ ምንም አላገኘም። እየበሉ መክሳት ምን የሚሉት ነገር ነው? ያሰብኩት ሁሉ አልገጥምልኝ አለ።

አንድ ምሽት ራት ላይ እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የእናታችንን አልጋ ከእኛ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው።

«ዘበኛው የጠፋበት እርሾ እኮ ጠግቦም ራሱን ይበላል» አለች። «እማም እንደዚያ ሆና ቢሆንስ? ጂን ይሆናል ያለባት። ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል።»

«ዝም ብለሽ ብዪ! እናትሽ እርሾ አይደለችም» አልኳት።

በማግስቱ እናቴ መብላት አቆመች። ማንኪያ ሲቀርብላት ከንፈሯን ገጥማ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እህቴ ለመነች፣ እኔ ጮህኩ። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣና ይህ አቅም ረሃብ እንደማይችል፣ በዚሁ ከቀጠለች እንደምናጣት ቁርጡን ነገረን። እህቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። «እርሾውም ቢሆን ራሱን በልቶ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው» አለችኝ። «ምግብ ካልመጣለት ይሞታል።» ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

አይኗን እንደጠረገች እኔ የሠራሁትን የምስር ሾርባ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ።»

«አልቀልበውም» አለች እናቴ።

«ማንን?»

«ጂኑን ነዋ! ጂን አለባት ያልሽው አንቺ አይደለሽ? እኔ በበላሁ ቁጥር የሚወፍረው እሱ ነው። በረሃብ ላድርቀው ብዬ ነው። እምቢ ካለም አብሮኝ ይቀበር፣ ወደ እናንተ እንዳይተላለፍ።»

እናቴ የምታውቀው ጂን በጨለማ ሰው ላይ የሚሰፍረውን ነው። ሳቄ መጣ፤ ግን ወዲያው እንባ ሆነ። ለእኛ ብላ ልትሞት ነበር!

«እማዬ፣ ይሄ ሌላ ጂን ነው» አለች እህቴ እየተንተባተበች። «ክፉ አይደለም። ሰው ሁሉ አለው። እርሾም አለው።»

«እርሾንም ይዞታል?» እናቴ ደነገጠች።

«አልያዘውም! ማለቴ፣ ይዞታል፣ ግን…»

ባብራራች ቁጥር ነገሩ ባሰበት። ዘበኛውን ብታነሳ እናቴ በር በሩን ታይ ጀመር። በመጨረሻ እህቴ ተስፋ ቆርጣ ሳህኑን አስቀመጠችና የእናቴን እጅ ይዛ በራሷ አፍንጫ ላይ አሳረፈችው።

«ይሄ የማን አፍንጫ ነው?»

«የእኔ ነዋ፣ ሌላ የማን ይሆናል?»

«ጂኑ ነው ያመጣልኝ። ስትወልጂን ያኔውኑ ተላልፏል እማ። እኔም ጋ አለ፣ እሷም ጋ አለ። አሁን ብትራቢ የምታስቀሪው ነገር የለም።»

እናቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ታዲያ እናንተ ትበላላችሁ?»

«እንበላለን።»

«ምንም አላደረጋችሁም?»

«ምንም።»

«እና ለብቻዬ ነዋ የተራብኩት!» አለችና አፏን ከፈተች።