ወንበሩን የያዘችው ዶሮ

ትናንት ጋሸና ላይ፣ ጭድ ከጫነ መኪና አጠገብ ቤንዚን ሲቀዳ ሸተተኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ፣ ኮን ከተማ በነበረው ጭድ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት በቆመችው ቀይ የስፖርት መኪናው ሙሽራውን ሊያመጣ፣ ጭድ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን እስኪሸት ወር ሙሉ ሞተሯን ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። በሰርጉ ዋዜማ ጎረቤቱ ገፍቶ ሊያስነሳት ተሰበሰበ። አጎቴ በሩን ቢከፍት ዶሯችን የሹፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል ታቅፋለች። ሊያነሳት እጁን ሲዘረጋ ሴት አያቴ በምርኩዛቸው ከለከሉት።

«እኔ ነኝ ያስታቀፍኳት። መኪናህ ይኸን ሁሉ ዓመት ተኝታለች፤ ይቺ ግን ሥራ ላይ ናት!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴም እየሳቀ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በማግስቱ ሙሽራይቱ በበቅሎ መጣች። ወሬው ቀድሞ ደርሷት ነበር። ዛሬም ቤንዚን ሲሸተኝ ድምጿ ይመጣብኛል፤ ሙሽራ ናትና አንገቷን እንደደፋች፣ በጆሮዬ «ፈለፈለች?» ነበር ያለችኝ።