ገባ ያልነው ክርን

ባለፈው ሳምንት ሰቆጣ ወዳለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ሲሳይ ኮት ሊያሰፋ መጣ። እንደ እኔ የዚሁ አካባቢ የዝቋላ ልጅ ነው፤ ብዙ ዓመት ዓረብ አገር ሠርቶ ገና መመለሱ ነው። እጅጌውን ልለካ ክንዱን ዘርጋ አልኩት። ክርኑ «ቀጭ» አለና መሀል ላይ ቆመ። ሜትሩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ፤ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማሽላ ሲያሸት ወፍ እረፍት አይሰጥም፤ ከንጋት ጀምሮ ማማ ላይ ቆሜ ወንጭፍ እወነጭፋለሁ። ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ስለወጣ ፍሬ የያዘችልን አንዲት ማሳ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ድንጋዩን ስለቀው ክርኔ በውጭ በኩል ቀጭ አለ። በማግስቱ አበጠ።

አባቴ አገር ያወቃቸው ወጌሻ ነበሩ። «ወልቋል» አሉ። ቅቤ ቀብተው ጎተቱት፤ አጥፈው ሲዘረጉት ቀጭ ሲል «ገባ!» አሉ። እናቴ እልል አለች። እኔም የገባ መስሎኝ ወደ ማማዬ ወጣሁ። ችግሩ በየማለዳው እንደገና «ይወልቃል»፤ በየማለዳውም ጥርሴን ነክሼ «እናስገባዋለን»። በሰባተኛው ቀን ንፍሮ መዝገን አቃተኝ። ወፉ ማሳችን ላይ ሰፈረ። አባቴም «ነገ በጋለ ብረት እተኩሰዋለሁ» አሉ።

ፈራሁ። ብረቱን ብቻ ሳይሆን እሳቸውንም።

«አባ፣ ሰቆጣ ልታከም።»

«የወጌሻ ልጅ ሐኪም ቤት ሄደ ሲባል ማን እጁን ይሰጠኛል?»

ሲነጋ ግን በሶ ቋጥረው ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ያን ሁሉ አቀበት ወጥተን ሰቆጣ ሐኪም ቤት ደረስን።

ያየችን ሐኪም ገና ወጣት ነበረች። አውራ ጣቷን ክርኔ ላይ አድርጋ ክንዴን ቀስ ብላ አጠፈችው።

«አባባ፣ አጥንቱ ከቦታው አልወጣም። መገጣጠሚያው በውስጥ እንደ ልብስ ገበር ያለ ስስ ሽፋን አለው። እዚህ ጋ እጥፋት አለ። ከወንጭፉ ብዛት ተቆጥቶ ወፍሯል። ክንዱ በታጠፈ ቁጥር አጥንቶቹ መሀል ገብቶ ይሾልካል። ድምፁ እሱ ነው። እስቲ ይንኩት፤ የእርስዎ እጅ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል።»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ። እጥፋቱ ከጣታቸው ሥር ሾለከ።

«እኔ ሳስገባው የነበረው ታዲያ?»

«ቀጭ ባለ ቁጥር ይብስበታል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ክንዴን እንዳሳርፍ አዘዘችኝ፤ ለእብጠቱም መድኃኒት ሰጠችኝ። ማሽላውን እናትና አባቴ እየተፈራረቁ ጠበቁ፤ ግማሹን ወፍ በላው፣ ክርኔ ግን ዳነ።

ያን ቀን ስንመለስ አባቴ ለብቻቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቀጭ ሲል «ገባ» ያሏቸው ሰዎች ስም መሆኑ የገባኝ ቁልቁለቱን ከጨረስን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በየደጃቸው እየዞሩ «ተሳስቼ ነበር፣ ታከሙ» አሏቸው። ያ ኩሩ ሰውዬ! እኔ ብሆን የማደርገው አይመስለኝም። አንድ ሰው ብቻ አጡ፤ ከአገር ወጥቷል ተባሉ። እስኪሞቱ ድረስ መመለሱን ይጠይቁ ነበር።

ሲሳይ ድንጋጤዬን አይቶ ሳቀ።

«አይዞህ፣ አባትህ ያሳዩኝን አልረሳሁም፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ይኸው በየማለዳው ራሴ አስገባዋለሁ።»

ክንዱን ሊያጥፍ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተወው ሲሳይ» አልኩት። «አባቴ ሲፈልጉህ ነበር።»