ከቦሌ ኤርፖርት እስከ አምስት ኪሎ፣ ከሙሽሪት እናት ጋር

ቅዳሜ ንጋት፣ ጎንደር

ከጎንደር ስነሳ ገና አልነጋም። ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መንገድ ይበርዳል። ባጃጆች፣ ነጠላ የተከናነቡ ተሳላሚዎች፣ ጆንያ የጫኑ ጋሪዎች፣ ከሻይ ቤት የሚወጣ የከሰል ጭስ። ለአንድ ሳምንት የውሃ ፓምፕ ስተክል ሰንብቼ ወደ ቤቴ መመለሴ ነው። ቤቴ አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ነው።

እነዚህን የጉዞ ማስታወሻዎቼን የሚያነቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፤ ከቦሌ ኤርፖርት ፒያሳ ያለ ኮንትራት ታክሲ ይደረሳል ወይ? ወንድሜ ሁልጊዜ በመኪናው ስለሚቀበለኝ መልሱን አላውቀውም ነበር። ዛሬ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ጭናቸው ላይ ዘንቢል አቅፈዋል፤ አስተናጋጇ ከወንበሩ ሥር እንዲያስቀምጡት ብትለምናቸው በግድ ነው የለቀቁት። ቀበቶውን ሳስርላቸው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።

ጠዋት፣ ቦሌ

ከመውጫው በር ላይ ሾፌሮች ይጠብቃሉ። «ታክሲ? ሆቴል? ፒያሳ?» አንዱ ሴትዮዋን ቀድሞ ያዛቸውና ዋጋ ጠራላቸው።

«መኪናውን ልትሸጥልኝ ነው ወይስ ልታደርሰኝ?» አሉት።

እኔ ጥበቃውን የሚኒባስ መያዣው የት እንደሆነ ስጠይቅ ሰምተው ኖሮ ዘንቢላቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

«ልጄ፣ ፒያሳ ነው የምትሄድ?»

«አዎ እናቴ፣ ወደዚያው ነኝ።»

«እንግዲያ እኔንም ይዘኸኝ ሂድ። ጊዮርጊስን አሳየኝና ሌላውን ጠይቄ እደርሳለሁ።»

ለሚያነብ ሰው የሚጠቅመው ይኼ ነው፦ ተርሚናሉ ደጃፍ ላይ ሚኒባስ የለም። ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ይዞ መውረድ ያስፈልጋል። ሻንጣ ከባድ ካልሆነ መንገዱ አይከፋም፤ የእግረኛው መሄጃ ሰፊ ነው፣ ዳርና ዳሩ አበባ ተተክሎበታል። ድሮ እጅ ባየ ቁጥር ይቆም የነበረው ሚኒባስ አሁን የሚቆመው በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ነው። እኛም ዘንቢሉን እየተቀባበልን ሄድን። ስማቸው የሺመቤት መሆኑን የነገሩኝ እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ቶሎ ይሄዳል። ጎልማሳው ረዳት በሩን ይዞ «ስታዲየም! ስታዲየም!» ይላል።

«ፒያሳ ቀጥታ የለም?» አልኩት።

«ቀጥታማ የመጣችሁበት አውሮፕላን ነው የሚሄደው። ስታዲየም ወርዳችሁ ባቡር ያዙ።»

ከሾፌሩ ኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች፣ ካፌዎች፣ ገና መጋረጃቸው ያልተከፈተ ቡቲኮች ያልፋሉ። ማን ጋ እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ ዛሬ ታገባለች።»

«እንኳን ደስ አለዎት!»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። አንዱ ገብቶ ሌላው ወርዶ፣ መኪናው ተሞልቶ ጎድሎ ነው የቀጠሉት።

«አልመጣም ብዬ ነበር» አሉ። «ትዕግስት ትባላለች። ለትምህርት መጣች፤ ፋርማሲ ተምራ እዚሁ ሥራ ያዘች። ከዚያ ጴንጤ ሆንኩ አለችኝ። ከዚያ ደግሞ የሚያገባት ልጅ የእነሱው ሰው ነው። ሽማግሌ ሲልኩ በሩን ዘጋሁባቸው። አባቷ በሕይወት የለም፤ እሱ ቢኖር ምን ይል ነበር እያልኩ።»

«አሁንስ ሐሳብዎን ምን ቀየረው?»

«ትናንት አንዷ ጎረቤቴ ‹ሰርጉ ነገ አይደል? ማን ይዟት ይገባል?› አለችኝ። እንጃ አልኳት። ቤቴ ገብቼ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የወንድሜን ልጅ ትኬት ቁረጥልኝ አልኩት።»

«ታዲያ እንደሚመጡ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ደውዬ ምን ልበላት? እበሩ ደርሼም ልመለስ እችላለሁ።»

ሰርጉ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አምስት ኪሎ፣ የሙሽራው ቤተሰብ የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን። ታዲያ ለምን ጊዮርጊስ እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው ገረምከኝ በሚል ዓይን አዩኝ። «ከተማው ውስጥ ገብቼ ሳልሳለም?»

ስታዲየም

ወደ ባቡሩ የሚወስደው ደረጃ ቅዳሜም ሰው አይጠፋበትም። የመጣው ባቡር ጢም ብሎ ስለነበር አሳለፍነው። ቀጣዩ ላይ ተጋፍተን ገባን። አንድ ወጣት ተነስቶ ለወይዘሮ የሺመቤት ቦታ ለቀቀላቸው። ከዘንቢሉ የድፎ ዳቦ ሽታ ወጥቶ ፉርጎውን ሞላው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞራል። ማንም ግን አልጠየቀም።

ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ልደታ። ከላይ ሆኖ ሲታይ የከተማው ጣሪያ ይበዛል፤ ዝገት፣ ሰማያዊ ሸራ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ክሬን። አውቶቡስ ተራ ላይ ነጋዴው ከነጆንያው ወረደ፣ ሌላው ከነካርቶኑ ገባ። ቀጥሎ ጎጃም በረንዳ መሆኑን ስነግራቸው ቀና አሉ።

«ጎንደር በረንዳስ የለም?»

ከፊታቸው ብረቱን ይዞ የቆመ ሰውዬ «የለም እማማ» አላቸው። «ጎንደሬ እኮ ቀጥታ ሳሎን ነው የሚገባው።»

ሳቁ። ከጎንደር ከተነሳን ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያው ነው። ሰውየውን «የየት ሀገር ሰው ነህ?» አሉት። «የአራዳ» አላቸው። እሱ ሀገር እንዳልሆነ ሊያስረዱት ሲጀምሩ ደረስን።

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ

መጨረሻው ጣቢያ ከመሬት በታች ነው። ደረጃውን ስንወጣ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ፒያሳን ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት ያየ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ቆሞ አቅጣጫውን ማስተካከል አለበት። የእንጨት በረንዳ ያላቸው ብዙዎቹ ቤቶች የሉም። ሰፊ መንገድ፣ ሣር፣ ረጃጅም መብራቶች አሉ። ፀጉሬን የምቆረጥበት ቤት የነበረበት ቦታ ላይ አሁን አግዳሚ ወንበር አለ፤ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሰዎች ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። እኔም ብዙ አልቆምኩም።

ወይዘሮ የሺመቤት ጊዮርጊስ በር ላይ ሲደርሱ ዘንቢሉን ሰጡኝና ተንበረከኩ። ሻማ የሚሸጡ ሴቶች መንገድ ለቀቁላቸው። ጸሎቱ ረዘመ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሰዓቴን አያለሁ፣ ደግሞ አፍራለሁ። ሲነሱ ጉልበታቸውን አራገፉ።

«ነገርኩት» አሉኝ። «ዛሬ ሌላ ቤት እንደምገባ ነገርኩት። ከሰው ከሚሰማ ከእኔው ይስማ ብዬ።»

ከዚያው በአፍንጮ በር በኩል ስድስት ኪሎ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። ሾፌሩ ሽበታም ነው፤ በመስታወቱ አያቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ለቅሶ ነው?» አለ።

ያኔ ነው እኔም ያስተዋልኩት። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ነው የለበሱት።

«ሰርግ ነው» አሉት።

«ታዲያ ጥለቱን ያውርዱት እንጂ፤ ሙሽሪት እንዳትደነግጥ!»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አውቄ ነበር እንዲህ የለበስኩት» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። መኪናው አፍንጮ በር ቁልቁለቱን ሲይዝ ነጠላውን አወለቁና አራግፈው እንደገና ለበሱት፤ ጥለቱ አሁን ወደ ታች ነው። የቤቴ መታጠፊያ አለፈ። ወራጅ አለ አላልኩም።

አምስት ኪሎ

ስድስት ኪሎ ወርደን በእግር ቁልቁል መጣን። ቤተ ክርስቲያኑ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፤ የብረት አጥር፣ ባለ ሪባን መኪናዎች፣ ሱፍ የለበሱ ሰዎች። ከውስጥ የኪቦርድ ድምፅ ይሰማል። አራት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ወይዘሮ የሺመቤት ከበሩ ማዶ ቆሙ።

«ጀምረዋል» አሉ። «ይበቃል። ዳቦውን አንተ አድርስልኝ።»

ዘንቢሉን ይዤ ወደ በሩ ስሄድ መነጽር ያደረጉ፣ ደረታቸው ላይ አበባ የሰኩ ሽማግሌ ሰው ተቀበሉኝ። የሙሽራው አባት ነበሩ።

«ይኼ ከሙሽሪት እናት ነው» አልኳቸው።

«እናቷ ልከው ነው?»

«ይዘውት መጥተዋል። ያውና ቆመዋል።»

ሰውየው ሌላ አልጠየቁኝም። መንገዱን ተሻግረው ወይዘሮ የሺመቤት ፊት ቆሙና እጅ ነሱ። ሽማግሌ ሆነው በር የተዘጋባቸው እሳቸው እንደነበሩ ያወቅኩት ሁለቱም መሬት መሬት ሲያዩ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ» አሏቸው። «ልጅዎ መኪና ውስጥ ናት። ሰው ሁሉ ገብቶ ይጠብቃል፤ እሷ ግን አልወርድም ብላለች። ‹ትንሽ ጠብቁኝ፣ እናቴ ትመጣለች› ትላለች። አይመጡም ብለን ብዙ ለመንናት።»

«ማን ነገራት?»

«ማንም።»

ወይዘሮ የሺመቤት ብቻቸውን ወደ ነጩ መኪና ሄደው መስታወቱን በጣታቸው መቱ። በሩ ተከፈተ። ሙሽራዋ ቬሏን በሁለት እጇ ሰብስባ ወጣችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ የሰማሁት መጨረሻውን ነው።

«በምን መጣሽ እማዬ?»

«በሁሉም። አታልቅሺ፣ ኩልሽ ይበላሻል። ሰው ቆሟል።»

ክንዷን ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሄዱ። እዚያ ላይ እናትየው ቆም ብለው አማተቡ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። የሙሽራው አባት ከኋላ ሆነው «እዚህ ጫማ አይወለቅም፣ ግድ የለም ይግቡ» አሏቸው።

«እኔ አወልቃለሁ» አሉ።

ትዕግስት እናቷን አየች። ከዚያ አንድ እጇን ትከሻቸው ላይ ደግፋ፣ ነጩን ባለ ተረከዝ ጫማዋን አንዱን ከዚያም ሌላውን አወለቀችና ከእሳቸው ጫማ አጠገብ አስቀመጠችው። በሩ ተከፈተላቸው። ሁለቱም በባዶ እግራቸው ገቡ።