ሁሉን «ኖርማል» ያሉኝ ቀን

ያን ቀን ማለዳ ባለቤቴን በአዲ አርቃይ አውቶቡስ አሳፈርኳት፤ እዚያ የምትኖረው ልጃችን ለመውለድ ደርሳ ነበር። አረንጓዴ ጃንጥላዋን ይዛ መኪናው ላይ ስትወጣ «ያዝልኝ» ብላ የሰጠችኝን ስልክ ኪሴ ከትቼ፣ እጄን እያውለበለብኩ ሸኘኋት። ረፋድ ላይ «የት ደረሽ?» ልላት ብደውል የገዛ ኪሴ ጮኸ። ደንግጬ አነሳሁና «ሄሎ!» አልኩ። ይህን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ ለራሴ ሄሎ አልኩ።

ሳቄ ግን ወዲያው ጠፋ። የዚያ መንገድ ነገር ይታወቃል፤ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ የሄደው የት እንደገባ አይታወቅም። የልጄም ስልክ ተዘግቷል። መናኸሪያ ወርጄ ስንቆራጠጥ ዋልኩና በመጨረሻ ትኬት ቆራጩን ያዝኩት።

«መንገዱ ኖርማል ነው፣ አያ።»

«ስምንት ሰዓት ሆነ እኮ! መድረስ አልነበረበትም?»

«መዘግየቱ ኖርማል ነው።»

«መንገድ ላይ አቁመውት ቢሆንስ?»

«እሱማ ኖርማል ነው!»

ይህች የፈረንጅ ቃል እኛ ዘንድ መጥታ ምን እንደበላች እንጃ፣ ሆዷ ሰፍቷል። ጤና ጣቢያ ደም ግፊቴን ለክተው «ኖርማል» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ሻይ ቤት «ኖርማል ይሁን?» ካሉኝ ቅመም የለውም ማለት ነው። ጎረቤቴም ስለ እኔ «ሰውዬው ኖርማል አይደለም» ትላለች፤ አልተሳሳተችም። የዚያን ቀን ግን መዘግየቱም፣ መቆሙም፣ ምናልባትም አለመድረሱም በዚያችው ቃል ሲጠቀለል ትኬት ቆራጩን ትቼው ወጣሁ።

እግሬ አራዳ ገበያ ወሰደኝ። ጨርቅ የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ፤ ሱቁ ከአያቱ የወረደ ነው። ፊቴን ሲያይ በርጩማ ሳበልኝ።

«ምነው አያ? ምን ሆኑ?»

ነገርኩት። «አንተም ኖርማል ነው በለኝና ልሂድ።»

«ወላሂ፣ እኔ አላውቅም። የሚያውቅ እንጠይቅ።»

አዲ አርቃይ ሱቅ ላለው አጎቱ ደወለ። «መናኸሪያ ድረስልኝ። አረንጓዴ ጃንጥላ የያዙ እናት ናቸው።»

ጠበቅን። ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። እኔ የአንድ ሻሽ ጫፍ እጠቀልላለሁ፣ እፈታለሁ። አባታችን ሆይ ጀምሬ መሃሉ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋብኝ።

ስልኩ ጮኸ። የአጎትየውን ድምፅ ስጠብቅ የእሷ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ! ስልኬን ይዘህ ቀረህ አይደል?»

«አለሽ?»

«አለሁ። ኬላ ላይ ሁላችንንም አውርደው አቆዩን። በጣም ፈራሁ። አንተስ?»

«ምን በወጣኝ!» አልኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደግፎ የያዘልኝ ግን ነጋዴው ነበር፤ እኔ ሻሹን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር።

በኋላ እንደሰማሁት አጎትየው የሮጠው ምሳውን አቋርጦ ነው። ሲመለስ ድመት ሳህኑን ልሳ ጨርሳለች። ስሙን አላውቅም፣ መልኩን አላየሁም፤ ብቻ አንድ ምሳ አለብኝ። የእኔም የእሱም ሃይማኖት የማይከለክለው ሽሮ አስቤለታለሁ። ያን መንገድ የምሄድበት ድፍረት እስካገኝ ግን ዕዳው እንዳለ ነው።