ሳይቆረጥ የታጠፈ ካፖርት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሜሮን የወንድሟን ጃኬት ከሣጥን አውጥታ ለበሰችና መስታወት ፊት ቆመች። እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል፤ ትከሻው ወርዶ ክንዷ ላይ ተኝቷል። ወንድሟ ደሳለኝ ለሥራ አዲስ አበባ ከሄደ ወዲህ ያ ጃኬት ለባሽ የለውም። ሜሮን በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ፤ እንዲህ ዓይነቱን ሰፊ ጃኬት ከወገብ አስቆርጠው፣ እጅጌውን አሳጥረው፣ አዲስ አድርገው የሚለብሱ ልጆች ናቸው። አያምርም አላልኩም። ግን መቀስ ሲነሳ የአባባ ካፖርት ትዝ አለኝ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው እዚሁ መካነ ሰላም ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓመት ዝናቡ ሲከዳን አባባ እንደ ብዙ የሰፈራችን ወንዶች ወደ መተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ። ቆላ ምን ያደርግልኛል ብሎ ካፖርቱን ትቶት ሄደ። ከሰልባጅ ተራ የተገዛ፣ ወፍራም፣ አመድማ የሱፍ ካፖርት ነው። እናቴ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። የአባባን ላብና የበግ ጠጉር ይሸት ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሽታው ይበረታል፤ እኔም ባጠገቡ ሳልፍ ፊቴን እቀብርበታለሁ። አጨዳው አልቆ አብረውት የሄዱት ሲመለሱ አባባ አልተመለሰም። አንዱ ታሞ ነበር አለ፤ ሌላው ወደ ሌላ እርሻ ተሻግሯል አለ።

በዚያው ዓመት ሳል ያዘኝ። የኅዳር ብርድ እኛ አገር ሣሩን አመዳይ አልብሶት ነው የሚያድረው። እኔም ነጠላ ደርቤ ትምህርት ቤት ስሄድ ደረቴ ያፏጫል። እናቴ ይህን እየሰማች ከትምህርት ቤት ልታስቀረኝ አሰበች። ጎረቤቶች ግን ካፖርቱን ያዩና ለምን ለልጅቱ አታስቆርጪላትም ይሏታል። እሷ ደግሞ ከአያቴ የሰማችው አላት፤ ልብሱ የሚቆረጠውና የሚከፋፈለው የሞተ ሰው ነው፣ የመንገደኛ ልብስ ባለቤቱን ይጠብቃል። ካፖርቱን ማስቆረጥ ከአባባ ተስፋ መቁረጥ ሆነባት። መተዉ ደግሞ እኔን ለብርድ መስጠት። ካፖርቱን ስታወርደው፣ መልሳ ስትሰቅለው አያት ነበር።

በመጨረሻ አንድ የገበያ ቀን በነጠላ ቋጠረችውና እኔን አስከትላ አያ ይማም ዘንድ ወሰደችው። አያ ይማም ገበያው ዳር ተቀምጠው በእግር በሚረገጥ መኪና የሚሰፉ ሽማግሌ ነበሩ።

«አያ ይማም፣ ለልጅቱ ልክ ያድርጉልኝ። መቀስ ግን እንዳይነካው።»

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው መጀመሪያ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«ያ አላህ፤ ዘነቡ፣ ልጅቱ ናት ካፖርቱን የምትለብሰው ወይስ ካፖርቱ ልጅቱን?»

እናቴ አልሳቀችም። ባለቤቱ ይመጣል አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ያን ጊዜ አያ ይማም መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ኢንሻአላህ ይመጣል አሉና እጅጌውን እስከ ክርኑ ወደ ውስጥ አጠፉት፤ የታችኛውን ጫፍ ደራርበው ወደ ላይ መለሱት፤ ጀርባውን ሸብሽበው ሁሉንም በእጃቸው አራርቀው ሰፉት። አባባ ሲመጣ በቀላሉ እንዲተረተር ነው። ኪሱ ግን ወደ ላይ አልወጣም አለ፤ ጉልበቴ አጠገብ ቀረ።

በዚያ ካፖርት የተባልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። «ድንኳኗ መጣች» ይሉኝ ነበር። ሱዚ ስንጫወት እንደ ጓደኞቼ መዝለል ስላቃተኝ ላስቲክ ያዥ ሆንኩ። ኋላ ግን ኪሴ ጉድጓድ መሆኑን አወቁና የሁሉም ሽምብራ፣ የሁሉም ጠመኔ፣ የሰኞ ማክሰኞው ጠጠር ሳይቀር እኔ ዘንድ ይቀመጥ ጀመር። እኔ ካልመጣሁ ጨዋታ አይጀመርም። ሳሉም ለቀቀኝ። ባደግኩ ቁጥር እናቴ መስከረም ላይ አንድ እጥፋት ትተረትርልኛለች፤ ደስ ብሏት ግን አይደለም። እጥፋቱ ባነሰ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። እኔ ካፖርቱን ሳልሞላው አባባ እንዲደርስላት ትፈልግ ነበር መሰለኝ።

ደረሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእህል ጭነት መኪና ላይ ወርዶ፣ ወባ አመንምኖት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ደጃችን ቆመ። እናቴ አለቀሰች፤ አጎረሰችው። ከዚያ ካፖርቱን ከላዬ አውልቃ ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና የቀረውን እጥፋት ሁሉ በምላጭ ተረተረችው። አራግፋ አለበሰችው።

ካፖርቱ ሰፋው። አባባ ውስጡ ጠፋ። እሱ ግን የታችኛውን ጫፍ ያይ ነበር። ውጭ የዋለው ጨርቅ በፀሐይ ነጥቷል፤ ታጥፎ የከረመው እንደ አዲስ ጠቁሯል፤ በየዓመቱ የተፈታው እጥፋት መስመር መስመር ሠርቶበታል። የላይኛውን መስመር በጣቱ ነካና ስሄድ ይህን ታህል ነበር እንዴ አለ። ቀጥሎ ያለውን ነካ። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ለእናቴ ሰጣት።

«ቁረጪው ዘነቡ። እኔ መጥቻለሁ።»

አያ ይማም በዚያው ሳምንት መቀሱን ከመሳቢያው አወጡ። ለእኔ ልኬ የሆነ፣ ኪሱ ወገቤ ላይ የተቀመጠ ጃኬት ወጣው። ከተረፈው ደግሞ ለአባባ ሰደርያ ሰፉለት፤ ጀርባው ላይ ከነዚያ መስመሮች አንዱ ነበረበት። አባባ እስኪያልፍ ድረስ ከዚያ ሰደርያ አልተለየም። እኔም እስከ አምስተኛ ክፍል፣ ትምህርቴን እስካቆምኩበት ድረስ፣ ያን ጃኬት ለብሻለሁ።

ዛሬ ጊዜው ሌላ ነው። ደሳለኝ እንደ አባባ ድምፁ አልጠፋም፤ ኔትወርክ ሲኖር ይደውላል፣ ምን በላህ እለዋለሁ። ልብስም እንደዚያ ዘመን ብርቅ አይደለም። እኔ ግን ፈሪ ነኝ፤ ስልኩ ዝም ካለ ስጨነቅ ነው ውዬ የማድረው። ጃኬቱን ራሴ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩና እጠፈው እንጂ መቀስ እንዳታስነካው አልኩት። ሰፊው ወጣት ነው፤ እናት፣ እንዲህ እኮ አያምርም አለኝ። እውነቱን ነው። ሜሮን አኩርፋኝ ሰነበተች፤ አሁን ግን ትለብሰዋለች።

ትናንት ደሳለኝ ሲደውል ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ከሰሰችኝ። እሱም ሳቀና «እማ፣ ቁረጪላት በቃ፤ እኔ እዚህ ሌላ እገዛለሁ» አለኝ።

«መጥተህ ቁረጪ በለኝ» አልኩት።