ለኮከብ ሰዎች የሰጠሁት ስም

ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ፀጉሬ ሸብቶም ያው ፈሪ ነኝ፣ ልጆቼም ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ውሻ እፈራለሁ፣ የሞላ ወንዝ እፈራለሁ፣ መርፌማ አይነሳብኝ። እነዚህን ለማንም አወራለሁ። አንድ ቅዳሜ ነቀምቴ ላይ የፈራሁትን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ያፈርኩበት ነገር ስላለ ነው።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ቤታችን ጨለለቂ ሰፈር ነው። ከአጥራችን ማዶ አንድ ደብተራ ይኖሩ ነበር። ሰው በጓሮ በር እየገባ ስሙንና የእናቱን ስም ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ፊደሎቹን ወደ ቁጥር ለውጠው፣ ደምረውና ገድፈው ኮከቡን ያወጡለታል። ትዳር ይሰምር እንደሆነ፣ በሽተኛ ይተርፍ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። እኔ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ እሰማለሁ። ፈሪ ሰው ደግሞ የሚያስፈራውን ነገር ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ጊዜ ከጉቶ ጊዳ ገጠር የመጣች ሴትዮ ስሟን ሰጠቻቸው፤ ቆጠሩና «ዘንድሮ ይከብድሻል» አሏት። ወር ሳይሞላ ሞተች። ሰው ደግፏት እየሳለች እንደመጣች ትዝ ያለኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን የገደላት ስሟን መስጠቷ ነበር።

እናቴም ይህንኑ ነበር የምታስተምረን። «ለአስተማሪ ስምሽን ንገሪ፣ ለዳኛም ንገሪ። ኮከብ ለሚያውቅ ሰው ከነገርሽ ግን ነፍስሽን መዳፉ ላይ አስቀመጥሽለት ማለት ነው» ትለኛለች። ሲመሽ ደጅ ወጥታ ኮከብ ሲወረወር ካየች አማትባ «ነፍስ ይማር» ትላለች፤ የማን ነፍስ እንደሆነ አታውቅም፣ ግን የሆነ ሰው ነፍስ መሆኑን አትጠራጠርም። እኔም አልጠራጠርም ነበር።

በዚያ ሰሞን እህቴ ከአርጆ መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ ባሏ በበቅሎ አምጥቶ አስረክቦን ተመለሰ። ከእኔ በስምንት ዓመት ትበልጣለች፣ እትዬ ነው የምላት። ያሳደገችኝ እሷ ናት ብል እናቴን መበደል አይሆንም፤ እናቴም ትለው ነበር። ሆዷ ገፍቶ እግሯ አብጦ፣ ቀኑን ሙሉ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ፀጉሬን እየፈታች ትሠራኛለች፣ መልሳ ትፈታዋለች። ስትወልድ ትሞትብኝ ይሆን ብዬ ማታ ማታ ጆሮዬን ወደ መኝታዋ አድርጌ ትንፋሿን እቆጥር ነበር። የሰፈራችን አዋላጅ፣ ሁላችንም አኮ ብለን በኦሮምኛ አያታችን ያደረግናቸው አሮጊት፣ ሆዷን ዳብሰው ልጁ በደንብ አልዞረም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሰማይን ያሳያሉ፣ ሕዝብ ሁሉ ተጋብዟል ተባለ። ሰማይን በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ጣሪያ ሥር! ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። እናቴ «ደግሞ እነሱ ምን ሊቆጥሩ ነው?» ብላ ከንፈሯን መጠጠችና አትሄጂም አለችኝ። እትዬ ግን «እንዳትነግሪያት፤ ሂጂና አይተሽ ለእኔ ትነግሪኛለሽ» ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ያን ጊዜ እምቢ ብዬ በቀረሁ! ግን እትዬ ያለችኝን እምቢ ማለት አልለመደብኝም።

የሄድኩት ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ነው። የእሷ ቤተሰቦች ጴንጤዎች ናቸው፣ ደብተራም አይፈሩ፣ ቡዳም አይፈሩ፤ በዚህ ስቀናባት ነው ያደግሁት። አዳራሹ በር ላይ አንድ ወጣት፣ ከአዲስ አበባ ከመጡት ተማሪዎች አንዱ፣ ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግቶ የሚገባውን ሰው ሁሉ ስም ይጽፋል። እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ኮከብ የሚያውቁ ሰዎች ስም እየመዘገቡ ነው!

«ኮቱ፣ ነይ እንጂ! ምን ሆንሽ?» ብላ ጓደኛዬ ጎተተችኝ። እሷ የራሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን፣ ሳትጠየቅ የቅድመ አያቷንም ስም ደርድራ ገባች።

«አንቺስ?» አለኝ ወጣቱ። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስደግፏል። ከኋላዬ ሰልፈኛው ይገፋኛል። ስሜን ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ያለችው መዳፍ ታየኝ፣ እዚያ መዳፍ ላይ የተቀመጥኩትም እኔ። ከዚያ የወጣው ስም የእኔ አልነበረም። የእህቴን ስም ነገርኩት። ለምን የእሷን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ቀኑን ሙሉ በአፌ ላይ የነበረው ስም እሱ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጻፈው። በሚያምር እጅ ጽሑፍ ሙሉውን፣ ከአባታችን ስም ጋር ጻፈውና «ግቢ» አለኝ።

ውስጡ ከምፈራው ሁሉ የባሰ ነበር። መስኮቶቹን በአዳሪ ተማሪዎች ብርድ ልብስ ሸፍነዋቸዋል፤ መሃሉ ላይ ከአቡጀዲ የተሰፋ፣ ጎጆ የሚያህል ክብ ድንኳን ወጥረዋል። ሰላሳ የምንሆን ሰዎች ገብተን መሬት ላይ ተቀመጥን። ብዙ ቀዳዳ ያለው ትልቅ የብረት ኳስ መሃላችን ቆሟል፣ ከመኪና ባትሪ ሽቦ ገብቶበታል። መነጽር ያደረጉ መምህር «ይህ ፕላኔታሪየም ይባላል፤ ትልልቅ አገሮች ግንብ ሠርተውለታል፣ እኛ ለጊዜው በአቡጀዲ ነን» አሉና ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ፋኖሱን አጠፉት።

እንዲህ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅም። የሌሊት ጨለማ እንኳ ትንሽ ይራራል፣ በአጥር በኩል የሰው እሳት ይታያል። ይኸኛው ዓይንህን ብትከፍተውም ብትጨፍነውም አንድ ነበር። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና አቡጀዲው ላይ ከዋክብት ፈሰሱ። ሰው ሁሉ «እ...!» ብሎ ተነፈሰ። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ «ያ ዋቀዮ!» ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩ። ያምር ነበር፤ አያምርም ብል እዋሻለሁ። መምህሩ በዘንግ እያመለከቱ የከዋክብቱን መንገድ፣ ርቀታቸውን፣ ሰማዩ እንዴት እንደሚዞር ሲያስረዱ ኳሱ ቀስ ብሎ ዞረ፤ የተቀመጥኩበት መሬት አብሮ የሚዞር መሰለኝና የጓደኛዬን ክንድ በጥፍሬ ያዝኩ። እሷ «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ አምፑል እኮ ነው» ትለኛለች። አምፑል መሆኑንማ እኔም አይቻለሁ! እኔ የማስበው በር ላይ ስም ስለተጻፈበት ደብተር ነው። ከእነዚህ ውስጥ የእትዬ የትኛው ይሆን?

«አሁን ደግሞ» አሉ መምህሩ «ተወርዋሪ ኮከብ እናሳያችሁ።»

በእጅ ባትሪ ነው ያደረጉት፤ ይህንንም ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ብርሃን ከላይ ተነስቶ በነጩ ጨርቅ ላይ ተንሸራቶ ልክ እኔ በተቀመጥኩበት በኩል ወርዶ ጠፋ። መምህሩ ይህ ኮከብ አይደለም፣ የሚቃጠል ድንጋይ ነው ማለት ጀምረው ነበር። ግን ከኋላችን አንዲት ሴት እንደ እናቴ አድርጋ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ነፍስ ይማር» አለች።

በአራት እግሬ እየዳኽኩ፣ የሰው ጉልበትና ጣት እየረገጥኩ፣ አቡጀዲውን ከሥር ገልጬ ወጣሁ። ደጅ ፀሐዩ ቦግ ብሎ ዓይኔን መታኝ። እስከ ቤት ድረስ አልቆምኩም።

አጥሩ በር ላይ ስደርስ የእትዬን ጩኸት ሰማሁ። ምጡ የያዛት እኔ ከወጣሁ በኋላ ነበር። ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው ውሃ ይቀባበላሉ፤ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ፊቷ አመድ መስሏል። ሮጬ ልገባ ስል አንዷ በደረቴ ገፍታ መለሰችኝ። አኮ ከውስጥ «ማርያም ማርያም በሉ እንጂ ምን ታፈጣላችሁ!» እያሉ ይቆጣሉ። በሌላ ቀን ማርያምን በኦሮምኛ ነበር የሚጠሯት፤ በአማርኛ ሲጠሯት ነገሩ እንደከበደ ገባኝ። ከዚያ እትዬ ስሜን ጠርታ ጮኸች። እናቷን አይደለም፣ ባሏን አይደለም፣ እኔን። ገደልኳት አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት፣ ግን ማንም አልሰማኝም።

አንድ የቀረኝ ነገር ብቻ ታየኝ። ተመልሼ ሮጥኩ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ሰው ምን ነካት እያለ ዞሮ እንዳየኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ወጣቱ ያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሌላ ሰልፍ አስገብቶ ጨርሶ ብቻውን ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ስሟን ይሰርዙልኝ!» አልኩት።

«የማንን?»

«የእህቴን! እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እሷ አልመጣችም። እያማጠች ነው። ኮከቧ ወደቀ!»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት አየና ሳቁን ዋጠው። ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ አልቀመጥም አልኩት። ደብተሩ ስንት ሰው እንዳየ ለዩኒቨርሲቲው ለማሳወቅ ብቻ መሆኑን፣ ኮከቡ የባትሪ ብርሃን መሆኑን፣ ሰው በስሙ እንደማይሞት ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ደግ ልጅ ነበር። ግን እኔ የምሰማው ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸውን የእትዬን ድምፅ ነው። «ይሰርዙልኝ» ማለቴን እንዳልተውኩ ሲያይ ገጹን ገለጠ፤ ስሟን አገኘው፤ ብዕሩን አንስቶ አንዴ፣ ደግሞ እኔ ስላላመንኩት ሁለተኛ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው።

«ይኸው፣ የለችም። በይ ያንቺን ንገሪኝና በቦታው ልጻፈው፤ ያየሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

ስመጣ የተዘጋጀሁት ለዚህ ነበር። ዳገቱን ስወጣ የእሷን አጥፋ፣ የእኔን ጻፍ እያልኩ ነው የሮጥኩት። የእኔ ከገባ የእሷ ይወጣል፤ ደብተራው ጋ ስሰማ ያደግሁት ሒሳብ እንዲህ ነው። ስሜ አጭር ነው፣ ሁለት ፊደል። አፌን ከፈትኩ። ሰውየው ይጠብቃል። ብዕሩን አየሁት። አፌን ዘጋሁት።

«ባዶ ልተወው?» አለኝ ግራ ገብቶት።

«ይተዉት» አልኩ።

ወደ ቤት ስመለስ አልሮጥኩም። ሮጬ ብደርስ የምሰማውን ፈርቼ ነው። እህቴ ሞታ ቢሆን ማን እንደገደላት አውቃለሁ፤ አንዴ በአፌ፣ አንዴ በዝምታዬ። አጥራችን ጋ ሳልደርስ ገና እልልታው ተሰማ። አኮ በሩ ላይ ወጥተው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «ዴሴ! ዴሴ! ወለደች፣ በሰላም ተገላገለች!» ይላሉ፤ እናቴ መሬቱን ትስማለች።

እዚያው መንገዱ መሃል ቆምኩ። ብዙ ጊዜ፣ እትዬ ስለተረፈች ደስ አለኝ ብዬ ለራሴ ላወራው ሞክሬያለሁ፤ ደስታውም መጥቷል፣ በኋላ፣ ሴት ልጇን ሳቅፍ አልቅሻለሁ። ግን ቀድሞ የመጣው እሱ አልነበረም። እልልታውን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት «እንኳን የእኔን አልሰጠሁ» የሚለውን ነበር።